የጎሬዋን ሴት ልጠይቅ የሄድኩ ቀን

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ሊጋመስ ሲል ነው። የመቱ ዝናብ ለመሄድ ልቡ ገና አልቆረጠም ነበር፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዶፍ። የያዮ ቡና መቅላት ጀምሯል። መጋዘኖቹ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። በዚያ ዓመት ግን እኔን የጠራኝ የለም። ቀጥ ብዬ መቆም እንዳቃተኝ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ሁለቱን ልጆቼን ያሳደግኩት ቡና ለቅሜ ነው። ለቀማ ስል ከዛፍ አይደለም። ነጋዴው መጋዘን ውስጥ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ደረቁን ቡና ከጠጠሩ፣ ከጥቁሩና ከተሰባበረው መለየት ነው። አንገት ይደፋል፣ ወገብ ይታጠፋል፣ የሚሮጠው ጣት ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲያ ተቀመጥኩ። ቅሬታ የለኝም። ልጆቼ በዚያ ተምረዋል።

ሕመሙ መጀመሪያ ወገቤ ላይ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ወደ ግራ እግሬ ወረደ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ባለችው መንገድ ሦስት ቦታ እቀመጥ ጀመር። ጎንበስ ስል ይቀለኛል፣ ቀና ስል እግሬ ይቃጠላል። የሐኪም ኪኒን ዋጥኩ፣ ወጌሻ አሸኝ፣ ጠበል ተጠመቅሁ። የተሻለኝ ቀን ነበር፣ የባሰብኝም ቀን ነበር።

መስከረም ላይ የመጀመሪያ ልጄ ደረጀ ጅማ ወሰደኝ። ደረጀ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከነሚስቱ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ጅማ ላይ ትልቅ ማሽን ውስጥ አስገብተው ወገቤን በፊልም አነሱት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። ፊልሙን መብራት ላይ ለጥፎ በጣቱ እያሳየ አስረዳኝ። አጥንቱን ዕድሜና ሥራ አርጅተውታል፤ በመሐሉ ነርቭ የሚያልፍበት መንገድ ጠቧል፤ እግሬን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ይህን ካለ በኋላ ወረቀቱን ሳብ አድርጎ ጠየቀኝ።

«እማማ፣ ሽንትዎን ይቆጣጠራሉ? ሳያውቁት ያመልጥዎታል? በሚቀመጡበት በኩልስ የደነዘዘ ቦታ አለ?»

ደረጀ አጠገቤ ቆሟል። እኛ ዘንድ በሽተኛ ብቻውን ሐኪም ፊት አይቀርብም። ልጅ ይዞት ይገባል፣ የረሳውን ልጅ ያስታውስለታል፣ ብዙውንም የሚናገርለት ልጅ ነው።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

ዋሸሁ። ከፍልሰታ ጾም ጀምሮ ውሃዬ ያመልጠኝ ነበር። ስስል፣ ስነሣ፣ አንዳንዴም እንዲሁ። የምቀመጥበት ሥጋ የእኔ አይመስለኝም፤ የደነዘዘ ነው። ጨርቅ አጥፌ እይዛለሁ፤ የልጄ ሚስት ገበያ ስትሄድ ጠብቄ አጥባለሁ። በዚህ ሰውነት ደጀ ሰላሙን አላልፍም ብዬ ቤተ ክርስቲያን ከውጪው በር ቆሜ እመለሳለሁ። የንስሐ አባቴ መቆም አቅቷት ነው ብለው ያዝኑልኝ ነበር። ለእሳቸውም አልነገርኩም። ለልጄ ደግሞ እንዴት ብዬ? ወንድ ልጅ ነው።

ሐኪሙ «እንግዲያው አያስቸኩልም» አለ። ቀዶ ሕክምናው የእግሩን ሕመም ሊያቀልለት ይችላል፤ እንደ ልጅነትዎ ያደርግዎታል ብሎ ግን ቃል አይገባም። በኪኒንና በእንቅስቃሴ የሚቆዩም አሉ። «ከቤተሰብ ተመካከሩና በወሩ ኑ» ብሎ ሸኘን።

ተመካከርን። ምክር በእኛ ሰፈር አይጠፋም። እትዬ ሙሉ የምትባል ጎረቤቴ የዘንዶ ሞራ በጠርሙስ ይዛልኝ መጣች።

«ዘንዶ ደግሞ ስለ ወገብ ምን ያውቃል?» አላት ደረጀ።

«ሁለመናው ወገብ አይደል እንዴ ልጄ? ከእሱ በላይ ማን ሊያውቅ ነው?»

ሁላችንም ሳቅን። እኔን ሳቁ አመመኝ፣ ጨርቄም ራሰ።

ነገሩን የቆረጡት ግን ጋሼ ፈይሳ ናቸው። ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ በኢሉባቦር መንገድ ላይ የማያውቁት ቤት የለም። ወንበራቸውን አስጠግተው፣ «ጎሬ ያለችውን ብርቄን አታውቋትም? እሷም ወገቧን ነበር። ቆማ ገባች፣ ተሸክመው አወጧት» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ቀዶ ሕክምና የሚል ቃል በተነሣ ቁጥር ያቺ ሴት ትጠራለች። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ወሬው ደርሷት በስልክ አለቀሰች፤ «እማዬ፣ እንዳትነኪው» አለችኝ። ደረጀ መደረጉን ይፈልጋል፤ ግን ፈራ። እንደዚያች ሴት ብሆንበት ወቀሳው የእሱ ነው። አይቼያት የማላውቅ ሴት በእኔ ወገብ ላይ ዳኛ ሆነች። እኔ ሲጠይቁኝ «እግዚአብሔር ያውቃል» እላለሁ። ደክሞኛል። ምርጫ ራሱ ያደክማል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ለደረጀ ጎሬ የታመመ ሰው ልጠይቅ እሄዳለሁ አልኩት።

«በዚህ ወገብ?»

«በዚህ ወገብ።»

ማንን እንደሆነ ገብቶታል። አብሬሽ ልሂድ አለ፤ አልፈለግሁም። መናኸሪያ አድርሶኝ፣ ሚኒባሱ ጋቢና አስቀምጦኝ፣ ለሹፌሩ አደራ ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። ሹፌሩ ኦሮሞ ነው፣ ጎልማሳ፣ ዝምተኛ። ስሳፈር ክንዴን ይዞ «ሱታ፣ ሃርሜ፣ ሱታ» አለኝ። ቀስ በይ እናቴ ማለቱ ነው። መንገዱን ሁሉ ጉድጓድ በደረሰ ቁጥር እንዲያው ቀስ አለልኝ። ሁለት ጨርቅ ደርቤ ነበር የሄድኩት።

ጎሬ ኮረብታ ላይ ናት፤ ስንደርስ ጉም ውጧታል። ከመንገድ ዳር ካለች ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ አረፍኩና ባለሱቁን የብርቄን ቤት ጠየቅሁት። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«እርስዎም ወገብ ነው?»

መልሴን ሳይጠብቅ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ አሳየኝ፣ የማርፍበትን ድንጋይ ሳይቀር። «ሌሎቹ እዚያ ነው የሚቀመጡት» አለኝ።

ብርቄን መስኮት ሥር ካለ አልጋ ላይ አገኘኋት። እኩያዬ ናት። ከወገቧ በላይ ሙሉ ሴት ናት፤ ክንዷ ወፍራም፣ ዓይኗ ንቁ። ከወገቧ በታች ጋቢ ተሸፍኗል። ጭኗ ላይ ሰፌድ አስቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። የእህቷ ልጅ ወንበር አቀረበችልኝ። ስሜን ነገርኳት፣ ከመቱ መምጣቴን ነገርኳት፣ እግዚአብሔር ይማርዎት አልኳት።

«አሜን» አለች ሽንኩርቷን ሳታስቀምጥ። «ዘንድሮ ሰባተኛዋ ነዎት። ሐኪም ቤት የፈራ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚሳለም። አንዷ እንዲያውም ሻማ ይዛ መጥታለች።»

አማተብኩ። እሷ ሳቀች።

«እስቲ፣ እርስዎ ጋ ምን ብለው ነገሩዎት?»

አፈርኩ። ግን ዋሽቼ መመለስ አልፈለግሁም። «ቆማ ገባች፣ ተሸክመው አወጧት ብለው» አልኳት።

«ቆሜ መግባቴ እውነት ነው። በአንድ ብብቴ ወንድሜ፣ በአንድ ብብቴ አማቼ። እንዲያ ከሆነ ጆንያም ቆሞ ይገባል።»

ከዚያ ስለ ሕመሜ ጠየቀችኝ። የት እንደሚጀምር፣ ስንት እርምጃ እንደምሄድ፣ ስተኛ እንዴት እንደምሆን። ከሐኪሙ በላይ ጠየቀችኝ። ስመልስላት ዝም ብላ ትልጣለች። በመጨረሻ የእህቷን ልጅ ሎሚ ግዢ ብላ ላከቻት። በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«ውሃሽስ?» አለችኝ። «አንቺ» ማለት የጀመረችው እዚህ ላይ ነው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«እኔም ለሐኪሙ ያልኩት ይህንኑ ነው። ቃል በቃል። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ።»

ቀስ እያለች ነገረችኝ። ስምንት ወር ደብቃለች። ጎሬ ሰው ይቀመጥበታል እንጂ ምስጢር አይቀመጥበትም፤ ስለዚህ ለእናቷ ልጅ እንኳ አልነገረችም። ቅዳሴ ተወች፣ ዕድር ተወች፣ ለቅሶ ቤት ሩቅ ተቀመጠች። ሐኪሙ አያስቸኩልም ብሎ ቀጠሮ ሰጣት። ቀጠሮው ሳይደርስ አንድ ጠዋት እግሮቿ አልነሣ አሏት። ተሸክመው አድርሰዋት፣ በዚያው ቀን ቀደዷት። ከነቃች በኋላ ሐኪሙ ራስጌዋ ተቀምጦ፣ ሽንት ማምለጥ ሲጀምር ብትነግሪኝ ኖሮ ያኔውኑ እሠራሽ ነበር አላት። ነርቩ ታንቆ ቆይቷል፤ አሁን ሊመለስ ያልቻለው ለዚያ ነው።

«ታዲያ ሰዉ ለምን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰዉ ቢላዋው ነው አለ። እኔም ዝም አልኩ። ምን ልበል? ይሻለኛል። ቢላዋ ነውር የለበትም።»

ጣሪያው ላይ ዝናብ ጀመረ።

«የመጡት ስድስቱስ?» አልኳት።

«አልነገርኳቸውም። ሁለቱ ውሃቸው ደህና ነበር፣ ዓይናቸው ያስታውቃል። የሌሎቹን አልጠየቅሁም። ካልጠየቅሁ አላውቅም፣ ካላወቅሁ ኃጢአት የለብኝም ብዬ። አለብኝ አይደል?»

እኔም የተሸከምኩት ያንኑ ነው።

«ከፍልሰታ ጀምሮ ነው» አልኳት። በአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበር። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ታችኛው ሥጋዬም ደንዝዟል።»

ብርቄ አላዘነችልኝም፣ አላለቀሰችም። በጣቷ ቆጠረች። «ሁለት ወር» አለች። «እግርሽ ገና ይነሣል። ተነሺና ሂጂ። እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

ስነሣ እጄን ያዘች። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። «እኔ አልናገርም ብያለሁ፣ አልናገርም። አንቺ ግን ተናገሪው። ስሜን ብቻ ለውጪልኝ» አለችኝ። ለውጬዋለሁ። ብርቄ ስሟ አይደለም።

ስመለስ ያው ሹፌር ነበር። ጋቢናውን ጠብቆልኛል። ዝናቡ በረታ። ቁልቁለቱ ላይ አንድ በሬ መንገድ አቋርጦ ገባ፤ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፣ እኔ ወደ ፊት ተወረወርኩ፣ ሁሉ ነገር ከእኔ ሄደ። ሁለቱም ጨርቆች አልቻሉትም። ወንበሩ ራሰ፣ ቀሚሴ ራሰ። ከኋላ ሰው ሞልቷል። ማየት የቻልኩት መስታወቱ ላይ የሚመላለሰውን መጥረጊያ ብቻ ነው።

መቱ ደርሰን ሊያወርደኝ በሩን ከፈተ። ወንበሩን አየ። ከኋላ የሚወርዱትም አዩ። ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ መስኮቱን ነካ አደረገና ጮክ ብሎ፣ «ይህ መስኮት ያስገባል አላልኩም? እናቴን አረጠበብኝ» አለ። ጃኬቱን አውልቆ ወገቤ ላይ አሰረልኝ። «ሱታ፣ ሃርሜ» አለኝ እንደገና፣ በዝግታ።

እግዚአብሔር ይስጠው። እስከ ዛሬ ስጸልይ ስሙን ባላውቅም እጠራዋለሁ። ነገር ግን እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ቅጽበት እፎይ ብዬ ነበር። አሁንም አንድ ሰው ሸፈነልኝ። ወደ ቤት ስራመድ ግን ብርቄ ታየችኝ። እሷንም እንዲህ በፍቅር ሸፍነዋት ነው እዚያ አልጋ ላይ የደረሰችው።

ቤት ስገባ ደረጀና ጋሼ ፈይሳ በረንዳ ላይ ይጠብቁኛል።

«አየሻት?» አሉኝ ጋሼ ፈይሳ።

«አየኋት።»

«አላልኩም?»

«ብለዋል።»

ልጄ ፊቴን እያየ ፍርዱን ይጠብቃል። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ደክሞኛል ልተኛ አልኩና ገባሁ። ልብሴን ለወጥኩ። የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆምኩ። ስለ ልጆቼ ለመንኩ፣ ስለ ብርቄ ለመንኩ፣ ስለ ወገቤም ለመንኩ። ያቺን ነገር ለእመቤታችንም መንገር አቃተኝ። እናት ናት፣ ሴት ናት፣ ታውቀዋለች። ሆኖም አቃተኝ። ያን ጊዜ ነው ራሴን የፈራሁት። ለወራት «እግዚአብሔር ያውቃል» ስል የኖርኩት ሰው እንዳያውቅብኝ ነበር። የእግዚአብሔርን ስም መሸፈኛ ጨርቅ አድርጌዋለሁ።

ይህን የምታነቡ እህቶቼ፣ እናቶች፤ ተቀደዱ ልላችሁ አይደለም የጻፍኩት። አትቀደዱ ማለቴም አይደለም። በወገብ ሕመም ከሚሠቃየው ብዙው ሰው ያለ ቢላዋ ይሻለዋል፤ ይህን ሐኪሞቹ ራሳቸው ነግረውኛል። እኔ ዕድሌ ሌላ ነበር። ተሠራሁ። ዛሬ በምርኩዝ ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያን አንዴ ብቻ አርፌ እደርሳለሁ። እግሬ አልፎ አልፎ ይቃጠላል። ውሃዬ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ተመልሷል። ቀሪውን ለምጄዋለሁ። ተመስገን።

የምለው ሌላ ነው። እኔ መቀደድ አለመቀደድን እመርጣለሁ ብዬ አንድ ወር ስደክም የነበረው በውሸት ላይ ነው። ሐኪሙ የመከረው ስለ ሌላ ሴት ነው፤ ውሃዋ ደህና ስለሆነች ሴት። ልጆቼ የተጨነቁት ስለ እሷ ነው። ጎረቤት የተከራከረው ስለ እሷ ነው። እኔን ማንም አላገኘኝም፤ እኔ ነኝ የተደበቅሁት። ኋላ ለንስሐ አባቴ ሁሉን ስነግራቸው አልተቆጡኝም። ሕመም ነው እንጂ ርኩሰት አይደለም አሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈሳት የነበረችውን ሴት አስታወሱኝ። በስውር ነክታ በስውር ልትሄድ ነበር፤ ጌታ ግን በሕዝብ መካከል አናገራት። ሊያሳፍራት እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል።

ብርቄን በየጊዜው እጠይቃታለሁ። ከእኔ በኋላ የሄዱትን ውሃቸውን እየጠየቀች ነው የምትሸኛቸው። ስለ ራሷ ዛሬም አትናገርም። አልፈርድባትም። አንድ ጠዋት የሚያህል ብርታት ነው የሚለየን፤ ያም የእኔ አልነበረም፣ ተሰጥቶኝ ነው።

ያን ጠዋት፣ ከጎሬ በተመለስኩ ማግስት፣ ደረጀ ለሥራ ሲለብስ እዚሁ መቱ ሐኪም ቤት አድርሰኝ አልኩት። በባጃጅ ሄድን። የገባንባት ሐኪም ሴት ናት፣ ልጅ እግር። ምን ያምዎታል ስትል ደረጀ እንደ ልማዳችን ቀድሞ ጀመረ፤ ስለ ወገቤ፣ ስለ ጅማው ፊልም፣ ስለ ቀጠሮው። እጅጌውን ያዝኩት።

«ዛሬ እኔ ልናገር» አልኩት።

ሐኪሟ ወደ እሱ አየችና ውጪ ይጠብቁን ልትል ስትል ራሴን ነቀነቅሁ። እሱም ሊሰማው ይገባል፤ ነገ ወረቀት ላይ የሚፈርመው እሱ ነው። ስለ ሽንቴ መናገር ስጀምር ልጄ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ በሩ ዞረ።

«ደረጀ፣ ወደ እኔ ዙር» አልኩት።

ዞረ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ከፍልሰታ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገርኩ።